የጁሙዓው ድስት፦ የኩዌት ማዕድና የምታበስለው እጅ

ጁሙዓ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በኩዌት ከተማ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ በካይፋን፣ በሩመይሲያ፣ በጃብሪያ ወይም በሚሽሪፍ በእግሩ የሚያልፍ ሰው ከየአጥሩ ውስጥ አንድ ዓይነት ሽታ ይቀበለዋል። ቀረፋ አለበት፤ ሄል አለበት፤ ቅርንፉድ አለበት። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚሰማው ግን ደርቆ የጠቆረ ሎሚ በሥጋ መረቅ ውስጥ ሲፈላ የሚሰጠው ኮምጣጣና ጭስ ጭስ የሚል ሽታ ነው። ይህ ሽታ መጅቡስ እየተሠራ መሆኑን ይናገራል። ኩዌታውያን በራሳቸው አነጋገር መችቡስ ይሉታል።

የጁሙዓ ምሳ በኩዌት እንደ ሌላው ቀን ምሳ አይደለም። ያገቡ ልጆች ከነልጆቻቸው ወደ አያቶች ቤት የሚመለሱበት፣ ወንዶቹ ከመስጊድ በቀጥታ የሚደርሱበት፣ አንድ ሰፊ ሰፍራ ላይ ሁለትና ሦስት ትውልድ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ በሳምንቱ ውስጥ ተበታትኖ ቢበላ፣ ልጆቹ ምግብ በስልክ አስመጥተው በየክፍላቸው ቢቀምሱ ማንም አይቆጣም። ጁሙዓ ቀን የቀረ ሰው ግን ይጠየቃል።

ያንን ድስት ጥዳ የምታወጣው እጅ በብዙ ቤቶች ውስጥ የእናቲቱ እጅ አይደለችም። ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ ወይም ከኢትዮጵያ የመጣች ሠራተኛ እጅ ናት። ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ተነሥታ በኮንትራት የገባች እኅት፣ አገሯ ሳለች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሩዝ ያልቀቀለች ሆና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሃያ ሰው መጅቡስ ያለ ሚዛን በዓይኗ ለክታ ታወጣለች። የኩዌት ቤተሰብ ጣዕም ዛሬ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሳሎኑ ይልቅ ከማድቤቱ ያገኘዋል።

ምግቡ ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው። ኩዌት ሩዝ አታበቅልም፤ ቅመምም አታበቅልም። በደቡብ ወፍራ፣ በሰሜን ዐብደሊ በሚባሉት የእርሻ አካባቢዎች ከሚገኘው ቲማቲምና ዱባ ዱባ መሰል አትክልት በቀር ምድሪቱ ለድስቱ የምትሰጠው ጥቂት ነው። ባሕሩ ግን ዓሣ ሰጣት፤ ወደ ሌላው ዓለምም መንገድ ሆነላት። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ቡም የሚባሉት ታላላቅ የእንጨት መርከቦቿ ከባስራ ተምር ጭነው በነፋሱ ወቅት ወደ ህንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይወርዱ ነበር። ከህንድ ሩዝና ቅመም፣ ከአፍሪካ ጠረፍ ደግሞ ለቤት ጣሪያ የሚሆን እንጨት ይዘው ይመለሱ ነበር። የሚጠጣው ውኃ እንኳ ለረጅም ጊዜ ከሻጥ አልዐረብ ወንዝ በመርከብ ይመጣ ነበር። በበጋው ወራት ወንዶቹ ለዕንቁ ጠለፋ ባሕር ሲገቡ ቤቱም ድስቱም በሴቶቹ እጅ ብቻ ይቀር ነበር።

ነዳጁ እ.ኤ.አ. በ1938 በቡርጋን ተገኘ፤ በ1946 ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ብልጽግና ድስቱን አሰፋው እንጂ ውስጡን ብዙም አልለወጠውም። ኩዌት ነጻ በወጣችበት በ1961 የዱቄት ፋብሪካና የዳቦ መጋገሪያ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1962 ደግሞ በካይፋን የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ተከፈተ። ዛሬ በየመንደሩ ያለው ‘ጀምዒያ’ የዚያ ልጅ ነው። ለዜጎች በድጎማ የሚታደለው ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይትና ምስር የሚገኘውም በየአካባቢው ባሉ የታምዊን ቅርንጫፎች ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1990 እስከ የካቲት 1991 በቆየው የኢራቅ ወረራ ሰባት ወራት ውስጥ እነዚህ ማኅበራትና የዳቦ መጋገሪያዎች በአገሬው በጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሲሠሩ ቆይተዋል። በሕይወቱ ሊጥ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ምድጃ ፊት ቆሞ እንጀራውን ለጎረቤት ሲያድል የታየው በእነዚያ ወራት ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ዳቦ ሲናገሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ድስቱ እንመለስ። መጅቡስ ሲሠራ ዶሮው ወይም የበጉ ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከሄል፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከተበሳ ደረቅ ሎሚ ጋር ይቀቀላል። ሥጋው ሲበስል ወጥቶ በምድጃ ይጠበሳል፤ ሩዙ በዚያው መረቅ ውስጥ ይበስላል። በመጨረሻም በጽጌረዳ ውኃ የተነከረ ዛፍራን ይፈስስበታል። ከላዩ ‘ሐሹ’ ይነሰነሳል፤ ይህም ሽንኩርት፣ ዘቢብና የሽምብራ ክክ ከደረቅ ሎሚ ዱቄት ጋር የተጠበሰ ነው። ከጎኑ ‘ደጉስ’ የሚባለው የቲማቲም፣ የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ መረቅ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊት ሴት እንግዳ ያልሆነ ነገር አለ። የሐሹን ሽንኩርት የሚያውቁ የኩዌት እናቶች ዘይት ሳይጨምሩ በደረቁ ያበስሉታል፤ ውኃው መጥጦ መልኩ ሲቀላ ብቻ ዘይቱ ይገባል። ይህ ደግሞ የወጥ ሽንኩርት በዘይት ከመነካቱ በፊት በደረቁ እየታሸ የሚቁላላበት የእኛው መንገድ ነው። የኩዌት ማዳም ልታስተምራት የተዘጋጀችውን ነገር ልጅቱ ከእናቷ ማድቤት ይዛ ትመጣለች።

ሌሎቹም እንዲሁ ዘመድ አላቸው። ‘ጅሪሽ’ የተሰነጠቀ ስንዴ ሲሆን ቂንጬ የበላ ሰው ከሩቁ ያውቀዋል። ‘ሀሪስ’ ስንዴና ሥጋ ለሰዓታት አብረው በስለው እስኪዋሐዱ የሚመቱበት ነው፤ ጉልበት የሚጠይቀው ማማሰሉ ገንፎን ያስታውሳል። ‘ተሽሪብ’ ደግሞ ቂጣ ተቆራርሶ በሥጋ መረቅ የሚርስበት ምግብ ነው፤ ከጥንታዊው ‘ሰሪድ’ የሚዛመድ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የእናታችንን ዓኢሻን ብልጫ ከሰሪድ ብልጫ ጋር አመሳስለው መናገራቸው በሐዲስ መጻሕፍት የታወቀ ነው። በአማርኛ ስሙ ፍትፍት ነው ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ዓሣው ግን አዲስ ትምህርት ይጠይቃል። ከደጋ የመጣች ልጅ ‘ዙበይዲ’ የሚባለውን ብርማ ጠፍጣፋ ዓሣ ማጽዳት፣ ‘ሀሙርን’ መለየት፣ ሩቢያን መላጥ በአንድ ቀን አትማርም። በባሕሩ ዳር በሻርቅ በሚገኘው የዓሣ ገበያ የዙበይዲ ዋጋ ምን ያህል እንደሚንር የሚያውቅ ሰው ያንን ዓሣ በእጁ ሲያበላሽ የሚሰማውን ፍርሃት ይረዳል። በሙቀቱ ወራት ዓሣው እንዲራባ መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ ማጥመድ ይከለክላል፤ ገበያው ዳግም ሲከፈት የየቤቱ ድስት ወደ ሩዝና ዓሣ ይመለሳል።

ዐረቦች የአንድ ሰው ምግብ ጣዕም ከሌላው የሚለይበትን ምሥጢር ‘ነፈስ’ ይሉታል፤ ትንፋሽ እንደ ማለት ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ልክ፣ በአንድ ቅመም፣ በአንድ ድስት ቢሠሩ እንኳ የአንዷ ምግብ ነፈስ አለው፤ የሌላዋ የለውም። አማርኛው ለዚሁ ነገር ‘እጅ’ ይላል፤ እጇ ይጣፍጣል ይባላል። ትንፋሽ ከሰውየው አይለይም፤ እጅም አይለይም። የኩዌት አያት ለልጅ ልጇ ያላወረሰችው ነፈስ ለሠራተኛዋ ሲተላለፍ፣ ሠራተኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ አብሯት ይሄዳል። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች በረመዷን ለኢፍጣር የሚያቀርቡት ሩዝ በወሎ ከተሞች እንግዳ ምግብ መሆኑ ካቆመ ቆይቷል። በኩዌት በኩል ግን የልጅቱ መሄድ በማዕዱ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ‘ሩዙ እንደ ድሮው አይደለም’ የሚለው ወሬ የሚጀምረው በሚቀጥለው ጁሙዓ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያመጣል። ምግቡን የሠራችው ሴት የምግቡ ድርሻ ምንድን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መልሱም አዲስ አይደለም። አቡ ሁረይራ ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት፣ አገልጋይ ምግብ ይዞ ሲቀርብ ባለቤቱ አብሮት እንዲያስቀምጠው፣ ይህን ካላደረገ ግን አንድ ወይም ሁለት ጉርሻ እንዲያቀብለው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፦ የምግቡን ሙቀትና ልፋት የተሸከመው እርሱ ነውና። ጉርሻው ከርኅራኄ የመጣ ስጦታ ሆኖ አልቀረበም፤ እሳቱን ለቀመሰ ሰው የሚገባ ድርሻ ሆኖ ቀርቧል። አቡ ዘር ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አገልጋዮች ወንድሞች መሆናቸው፣ ጌታው ከሚበላው እንዲያበላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳይጭንባቸው፣ ከጫነባቸውም እንዲያግዛቸው ተነግሯል። ‘እንዲያግዛቸው’ የምትለዋ ቃል ለጁሙዓ ማድቤት የተነገረች ትመስላለች። ሃያ ሰው በሚመገብበት ቤት ከሃያው መካከል አንድ ሽንኩርት ልጦ የሚያቀብል ቢገኝ ሱናው ተፈጸመ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የኩዌት ቤቶች አንድ አይደሉም። ማማ ከልጅቱ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተቀምጣ ከአንድ ሳህን የምትበላባቸው ቤቶች አሉ፤ ጁሙዓ ቀን የቤቱ ሴቶች ልጆች በተራ እየገቡ የሚያግዙባቸውም አሉ። የተረፈው ብቻ በማድቤት ጥግ የሚቀርባቸውም አሉ። የመጀመሪያዎቹን ማመስገን የመጨረሻዎቹን መሸፈን ሊሆን አይገባም።

መንግሥትም ጉዳዩን ለቤተሰቡ ልብ ብቻ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ውስጥ ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በቀን ከ12 ሰዓት የማይበልጥ ሥራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድና የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ደንግጓል። ምግብ፣ ማደሪያና ሕክምና የአሠሪው ግዴታ መሆናቸውን፣ ፓስፖርት መያዝም እንደማይፈቀድ አስፍሯል። በቀጣዩ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወስኗል። በኢትዮጵያ በኩል በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታግዶ የነበረው ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ በ2018 ሲፈቀድ፣ ጉዞው በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 923 መሠረት ሥልጠናንና በአገሮች መካከል የሚደረግ ስምምነትን እንዲከተል ተደርጓል። ሕጉ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የዕረፍቱ ቀን የትኛው ይሁን ሲባል ነው። ሠራተኛዋ ጓደኞቿን የምታገኝበት፣ ገንዘብ የምትልክበት፣ በሌላ ቤት ያለች እኅቷም ነጻ የምትሆንበት ቀን ጁሙዓ ነው። የቤቱ ትልቅ ድስት የሚጣድበትም ቀን ይኸው ጁሙዓ ነው። አንዱ ቀን ለሁለት ነገር ተፈልጓል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ድስቱ ነው።

መፍትሔው የሚከብድ አይደለም። በጁሙዓ ረፋድ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፦ በየመንደሩ ያሉ የአገር ምግብ ማብሰያ ቤቶች ፊት የሚቆመው የመኪና ሰልፍ። እዚያ በትላልቅ ድስቶች የተሠራ ሩዝና በግ በሰፊ ሳህን ተሸፍኖ ይወሰዳል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ማዕዱ ይሞላል፤ ማድቤቷም ባዶ ሆና ትውላለች። በወር አንድ ወይም ሁለት ጁሙዓ እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ወጉን አላጎደለም። ምናልባት ነፈሱ ይጎድለው ይሆናል፤ አያቶችም ያጉረመርማሉ።

ከቤት ውጭ መብላት በኩዌት ሌላ ትርጉምም አለው። የአልኮል መጠጥ በሕግ በተከለከለባት፣ የበጋው ሙቀትም በቀን ከቤት በማያስወጣባት አገር የማታው መዝናኛ በአብዛኛው ማዕድ ነው። ከ2007 ጀምሮ በራይ አካባቢ የተከፈተው አቬንዩስ የገበያ ማዕከል ምሽት ላይ ከገዢ ይልቅ በበላተኛ ይሞላል። ምግብ በኢንተርኔት ማዘዝን በአካባቢው ካስለመዱት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ‘ተለባት’ በ2004 የተመሠረተው በኩዌት ነው። ዛሬ በሞተር ብስክሌት የሚሮጠው አድራሽ በአርባና በሃምሳ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ የሚያልፍ ሌላ ሠራተኛ መሆኑን የምግቡ ሙቀት ብቻ ያስታውሳል።

የድሮውን ጣዕም የሚሻ ግን ወደ ሱቅ አልሙባረኪያ ይሄዳል። ከምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው በዚህ ገበያ ውስጥ የተምር፣ የቅመምና የሳምቡሳ ሽታ እየተቀላቀለ፣ በአደባባዩ ጠረጴዛዎች ላይ ከባብ፣ የተጠበሰ ዓሣና ትኩስ የኢራን ቂጣ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2022፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በገበያው የተነሣው ከባድ ቃጠሎ ብዙ ሱቆችን አውድሟል። ሆኖም ከቃጠሎው ያመለጠው ክፍል በዚያው ረመዷን ሌሊቶች ሰው አልተለየውም።

ረመዷን ራሱ የዓመቱ ትልቁ ማድቤት ነው። በሸዕባን የመጨረሻ ቀን ቤተሰቡ ‘ግረይሽ’ ብሎ ተሰብስቦ ከጾሙ በፊት የመጨረሻውን የቀን ማዕድ ይበላል። ከዚያ ሀሪስና ተሽሪብ ከኢፍጣር ማዕድ አይጠፉም፤ በስኳር የሚነከረው ‘ለቀይማት’ በየዕለቱ ይጠበሳል። ከተራዊህ በኋላ እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ‘ገብቃ’ የሚባለው የሌሊት ግብዣ አለ። በወሩ አጋማሽ በ13ኛው፣ በ14ኛውና በ15ኛው ሌሊት ደግሞ ሕፃናት ከረጢት አንጠልጥለው በየደጁ እየዘፈኑ ለውዝና ከረሜላ የሚሰበስቡበት ‘ግርጊዓን’ ይከበራል። ኢፍጣር፣ ገብቃና ሱሑር በአንድ ሌሊት ሦስት ማዕድ ናቸው። የምታበስለው ሴት ጾመኛ ናት፤ ተራዊህም ያምራታል። አንድ የኩዌት ቤተሰብ በረመዷን ሠራተኛዋን ለተራዊህ አብሮ ወደ መስጊድ ይዞ ሲወጣና ገብቃውን በሌላ ቀን ሲያደርገው ማየት ከየትኛውም ግብዣ ይልቅ ያስደስታል።

የዒድ ጧት ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ‘ዒዲያ’ ሲቀበሉ፣ የበጉ ሥጋ ከሌሊት ጀምሮ በእሳት ላይ ነው። የራሷን ዒድ ግን ልጅቱ የምታከብረው በስልክ ነው። እናቷ በዚያ በኩል የዶሮ ወጡን ድስት ወደ ስልኩ አስጠግታ ታሳያታለች፤ እርሷም የመጅቡሱን ድስት ታሳያለች። ‘ምን አስቀመጥሽልን?’ ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ ትስቃለች።

እንጀራውስ? ኢትዮጵያ ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ካገደች ወዲህ በባሕረ ሰላጤው ያሉ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን መንገድ ፈልገዋል። የተጋገረ እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ዋጋው ግን ለቤት ሠራተኛ ደመወዝ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የስንዴና የሩዝ ዱቄት ይደባለቃል፤ እርሾ ይጨመራል፤ በኩዌት ሙቀት ሊጡ ለመቡካት ሦስት ቀን አይፈልግም፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። መልኩ ነጭ ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ምጣዱም መጥበሻ ነው። ወጥ ሲፈስስበት ግን ሥራውን ይሠራል።

በፈርዋኒያ፣ በሐወሊ ወይም በሳልሚያ ባሉ ጠባብ አፓርታማዎች የዕረፍት ቀን የተሰጣቸው እኅቶች ጁሙዓ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ። ዙህርን ከየቤታቸው ሰግደው፣ ዕቃውን አጥበው፣ አንዳንዶቹም ከአሠሪዎቻቸው ቤት በፎይል የተጠቀለለ ሩዝ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ጥቅል ብዙ ይናገራል፤ በማማ እጅ ተጠቅልሎ ከሥጋው መሐል ተመርጦ የተሰጠ አለ፤ በችኮላ ከድስቱ ሥር ተጠርጎ የተወሰደም አለ። የድስቱ ሥር የያዘው ቅርፊት ግን በኩዌት ልጆች የሚሻሙበት ነው። ስለዚህ ‘ሥሩ ነው የደረሰኝ’ የምትል ልጅ ሁልጊዜ አልተጎዳችም።

ሩዙ ከነጭ እንጀራው ጎን ይቀመጣል፤ ቀይ ወጡም ከደጉሱ ጎን። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣዳል። ቡናው እንደ ኩዌት ቡና በሄልና በዛፍራን የነጣ አይደለም፤ ጠቁሮ የተቆላ ነው፤ ጭሱ እንዳይወጣ መስኮቱ ተዘግቷል። አቦሉ ይጠጣል፤ ቶናውም ይጠጣል። በረካውን ለመጠጣት ግን ሁሉም አይቆዩም፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በር የሚዘጋባቸው አሉና ዓባያቸውን ደርበው ቀድመው ይነሣሉ።